የዕለቱን ለዕለቱ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ይህን የምጽፈው ስለት ስላለብኝ ነው። አራዳ ጊዮርጊስ ግቢ ውስጥ ቆሜ፣ «አምላከ ጊዮርጊስ፣ ከዚህ ጭንቅ ካወጣኸኝ ያደረግህልኝን ለሰው እመሰክራለሁ» ብዬ ተስዬ ነበር። እሱ አድርጎልኛል፤ የቀረው የእኔ ነው።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራይቼ ዚፕ ስቀይር፣ ሱሪ ሳሳጥር፣ መስከረም ሲጠባ የተማሪ ዩኒፎርም፣ በዓል ሲደርስ የሐበሻ ቀሚስ ስሰፋ ልጆቼን ያሳደግኩት እዚያ ነው። ደንበኞቼ የሚያውቁት በሬን ነው እንጂ ስልኬን አልነበረም። «ለልብስ ሰፊዋ ስጫት» ተብሎ ልጅ ይላካል፣ ማታ ከሥራ ሲመለሱ ይወስዱታል፤ በቃ። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ ያ ሁሉ ሰው በአንድ ሰሞን ተበተነ። ምትክ ቤት የደረሳቸው ወደ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገቡ፤ እንደ እኔ ከሰው ላይ የተከራየ ደግሞ ዕቃውን ተሸክሞ ወጣ። ይህን የማነሣው ማንንም ልወቅስ ብዬ አይደለም፤ ጭንቀቴ ከየት እንደጀመረ እንዲገባችሁ ነው።

ሱቁን በለቀቅኩበት ቀን ሰው ሳይወስደው የቀረ ልብስ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። በእያንዳንዱ ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያዘች ብጣሽ ወረቀት አለች፤ «እጅጌው ይጠር»፣ «ወገቡ ይስፋ»፣ «ዚፕ፣ ሰማያዊ»። ስም ያለበት ጥቂቱ ነው፤ እሱም ቢሆን «የሥጋ ቤቱ» ወይ «የሦስተኛ ክፍሉ ልጅ» የሚል ነው። ከሁሉም አንድ ጥበብ ቀሚስ ነበር፤ ጥለቱ በእጅ የተሠራ፣ ሲያነሡት የሚከብድ፣ ዛሬ ገበያ ወጥተው ቢፈልጉ በቀላሉ የማይገኝ። ሁሉንም አጣጥፌ ማዳበሪያ ውስጥ ከተትኩና ከሲንጀሬ ጋር ቀበና ወደተከራየነው አንድ ክፍል ቤት ይዤው ገባሁ።

ክረምቱ መጣ። የባለቤቴ የጥበቃ ደመወዝ ከቤት ኪራይ አያልፍም። ሰፈሩ ለእኔ አዲስ ነው፤ ልብስ ሰፊ መሆኔንም የሚያውቅ የለም። አከራያችን የስፌት መኪናዬን ድምፅ አልወደዱትም። በዚህ ላይ መስከረም እየቀረበ ነው፤ የልጆቹ ምዝገባ፣ ደብተር፣ ጫማ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እባንናለሁ። ደረቴን አንድ ነገር ወጥሮ ይይዘኛል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እየሰማሁ እስኪነጋ ሒሳብ እሠራለሁ፤ ይህን ያህል ለኪራይ፣ ይህን ያህል ለጤፍ፣ ይህን ያህል ለዕድር። አንድ ደላላ ዓረብ አገር ሊልከኝ ተስማምተን ፓስፖርት አውጥቻለሁ። ልጆቼን ለማን ትቼ እንደምሄድ ሳስብ ግን መልስ አጣለሁ። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ «ተኝቼ ባልነቃስ ምናለ» ማለት ጀመርኩ። ይህን ሳልሸሽግ የምጽፈው፣ እንዲህ እያሰበ የሚያነበኝ ሰው ካለ በዚህ መንገድ ያለፈ እሱ ብቻ እንዳልሆነ እንዲያውቅ ነው። እባካችሁ ለአንድ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፤ ዛሬውኑ ንገሩ።

አንድ ማክሰኞ ከቀበና አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ ቁልቁል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ፣ ከድልድዩ ሽቅብ ወደ ፒያሳ በእግሬ ወጣሁ። በየልብስ ስፌት ቤቱ «ሠራተኛ ትፈልጋላችሁ?» እያልኩ ዞርኩ፤ የሚፈልግ አልተገኘም። እግሬ ወደለመደበት ወሰደኝና ጊዮርጊስ ገባሁ። ተሳልሜ አንድ ጥግ ተቀመጥኩና እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

አጠገቤ አንዲት እማሆይ ዳዊታቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ይደግማሉ። ቀና ብለው አዩኝ።

«ምነው ልጄ?»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ሱቁ፣ ስለ ደላላው፣ ያንን ክፉ ሐሳብም ጭምር። አላባበሉኝም። ጣታቸውን ከደረሱበት ሳያነሡ፣ ግእዙን ትተው አማርኛውን ጮክ ብለው አነበቡልኝ፦ «ነፍሴ ሆይ፥ ለምን ታዝኛለሽ? ለምንስ ታውኪኛለሽ?» ቀጥሎም «በእግዚአብሔር ታመኚ» ይላል። በእኛ ዳዊት መዝሙር 41 ነው። ለእኔ ብለው ገልጠው የፈለጉት አልነበረም፤ የማክሰኞ ድርሻ ስለሆነ እዚያ ላይ ደርሰው ነው ያገኘኋቸው። ሰውነቴን ሁሉ ወረረኝ።

ዳዊት በየዕለቱ እንደተከፈለ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150 ይደገማል፤ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ነው። እኔም ልጅ ሆኜ ሰምቼዋለሁ፤ ለምን እንደተከፈለ ግን አስቤው አላውቅም ነበር። እማሆይ እንዲህ አሉኝ፦ «ክረምቱን በሙሉ በአንድ ሌሊት ልትሸከሚ ትፈልጊያለሽ፤ እንዴት ትችይዋለሽ? ጌታ ጸልዩ ሲለን የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ በሉ ነው ያለን፤ የዓመቱን አላለም። ሂጂና የዛሬ ማታውን ብቻ ለምኚ። ነገ የረቡዕ ድርሻሽ ይጠብቅሻል።» ቀጥለው ወደ ካቴድራሉ እያዩ፣ «ይህንን ቤት ጣልያን በ29 ዓ.ም. አቃጥሎት ነበር። ዛሬ ኪዳን ሲደረስበት ትሰሚያለሽ» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም፤ ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማለዳ ተነሥቼ መድገም ጀመርኩ። ድርሻውን ሁሉ ለመጨረስ አቅም አልነበረኝም፤ «አንድ ንጉሥም ቢሆን ድገሚ» ስላሉኝ አሥር መዝሙር እደግማለሁ። ድንገት ሁሉ ነገር ተቀየረ ብዬ ብመሰክር እዋሻለሁ። የተቀየረው ልመናዬ ነው። «የልጆቼን ነገር አደራ» እያልኩ በጅምላ መጨነቄን ትቼ፣ «ጌታ ሆይ፣ የዛሬ ራታችንን» ማለት ጀመርኩ፤ እሱም የዛሬውን ይሰጠኛል። አንድ ቀን ከጎረቤት የተቀደደ የተማሪ ቦርሳ ይመጣል። በሌላው ቀን አንድ ዚፕ። አንድ ቀን ቤት ውስጥ ምንም ሳይኖር እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቆየሁና፣ ያው ልመናዬን እንደለመንኩ በሩ ተንኳኳ። የአከራያችን ልጅ ናት፤ ለሰርግ የገዛችው ቀሚስ ሰፍቷት ልታስጠብብ። ቀሚሱን በዚያው ማታ ጨረስኩት፤ ልጆቼም በልተው አደሩ። ከዚያ ወዲህ እትዬም ስለ መኪናው ድምፅ ደግመው አላነሡም። በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 17 ላይ ያለችው የሰራፕታዋ መበለት ማድጋዋ ዱቄት ሞልቶ እንዳልተሰጣት ያኔ ነው የገባኝ። ማድጋው አልሞላም፤ ግን አላለቀም። በየቀኑ ከታች ጥቂት አለ፤ በየቀኑም ይበቃል።

ስለ እንቅልፌም ልናገር። የንስሐ አባቴ ሰምተው ጠበሉን እንድጠጣ ከነገሩኝ በኋላ ጤና ጣቢያም እንድሄድ አዘዙኝ። በሲራክ ምዕራፍ 38 ባለመድኃኒትን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው እንደሚል አስታወሱኝ። ሄድኩ፤ ጨጓራዬ ተጎድቶ ነበር፣ መድኃኒት ተሰጠኝ፣ ሐኪሟም ስለ ጭንቀቴ በእርጋታ አወያየችኝ። አንዳንድ ሰው «ካመንሽ ሐኪም ምን ያደርግልሻል» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ እግዚአብሔር ባዘጋጀው በር ሁሉ መግባት ነው።

ወደ ማዳበሪያው ልመለስ። ጳጉሜ ላይ አንድ የልባሽ ነጋዴ ቤት መጥቶ ያንን ጥበብ ሲያየው ዓይኑ ቀረበት። የጠራልኝ ገንዘብ የአንዱን ልጅ ምዝገባ ይሸፍን ነበር። ባለቤቴን አየሁት። «የሰው ዐደራ ነው» አለኝ፤ እኔም በልቤ ያለው ይኸው ነበር። ነጋዴው ሄደ። ይህን ለእማሆይ ስነግራቸው፣ «ታዲያ ለምን ቤት ታስቀምጪዋለሽ? ሰፈሩ ቢነሣ ጊዮርጊስ አልተነሣ፤ በ23 ሁሉም ይመጣል። ይዘሽው ነዪ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። በ23 አራዳ ጊዮርጊስን ያላየ ሰው ይህ ሊገባው አይችልም። ታቦቱ አድዋ ዘምቶ፣ ድሉም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዕለቱ ሆኖ፣ ቤተ ክርስቲያኑም የዚያ መታሰቢያ ሆኖ ተሠርቶ እንዴት ይቀራል? ከየኮንዶሚኒየሙ ገና ጎሕ ሳይቀድ አውቶቡስ ይዘው ይመጣሉ። ጧፍ ሻጩ፣ ነጭ የለበሰው ሕዝብ፣ «አንቺ፣ በሕይወት አለሽ?» ብሎ የሚተቃቀፈው የድሮ ጎረቤት። መስከረም 23 ማዳበሪያዬን ይዤ ከቅዳሴ በኋላ ከበሩ ወጣ ብዬ ቆምኩ። የሥጋ ቤቱ ሰውዬ ሱሪያቸውን አገኙ። የሦስተኛ ክፍሉ ልጅ እናት መጣች፤ ልጁ አድጎ ሱሪው ከጉልበቱ በታች አልወርድ ብሎ ሁላችንም ሳቅን፤ እሷ ግን ሂሳቡን ከፍላ ለታናሹ ወሰደችው። ስልኬን ተቀባበሉት። የጥበቡ ባለቤት አልመጡም።

ደላላው መልስ እየጠየቀኝ ነበር። «ጥቅምት 23 ይለፍና» አልኩት።

ያን ቀን ቅዳሜ ነው። ማለዳ ስደግም መዝሙር 144 ላይ ደረስኩ፦ «የሁሉ ዓይን አንተን ተስፋ ያደርጋል፤ አንተም ምግባቸውን በየጊዜው ትሰጣቸዋለህ።» «በየጊዜው» የሚለውን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለቴን የተሳልኩት ከዚያ በኋላ፣ ግቢው ውስጥ ቆሜ ነው። ቅዳሴ እንዳለቀ አንዲት እናት በሕዝቡ መካከል እየተገፉ መጡና ክንዴን ያዙኝ።

«አንቺ ልጅ! ስንት ጊዜ ፈለግኩሽ! የእናቴ ቀሚስ...»

ከማዳበሪያው አውጥቼ ሰጠኋቸው። ብጣሿ ወረቀት እንኳ እንዳለች ነበረች፤ «ወገቡ ይስፋ» ትላለች። ጥለቱን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። እናታቸው በክረምቱ አርፈው ኖሯል፤ ለንግሥ ሁሌ የሚለብሱት እሱን ነበር። «ሸጠሽው ይሆናል ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር፤ ብትሸጪውም አልፈርድብሽም ነበር» አሉኝ። ከዚያ እንባቸውን ጠርገው ስለ ኑሮዬ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። የእህታቸው ልጅ በአዲሱ ሰፈራቸው ሰንበት ትምህርት ቤት ታገለግላለች። ለጥምቀት የመዘምራን ልብስ ሊያሰፉ የሚያምኑት ሰው እየፈለጉ ነበር። በዚያው ቆመን ደወሉላት። በሳምንቱ ጨርቁና ቀብዱ ቤቴ ገባ፤ ከሠላሳ ሰው በላይ ልብስ።

ብቻዬን ስለማልችለው ያው ከዶሮ ማነቂያ የወጣች አንዲት ልብስ ሰፊ ጠራሁ፤ እሷም ሥራ ፈትታ ተቀምጣ ነበር። ኅዳርና ታኅሣሥን ሁለት መኪና አንድ ክፍል ውስጥ ገጥመን ሰፋን። ለደላላው «አልሄድም» አልኩት። ለከተራ ልብሱ ተለብሶ ሲወጣ አይቻለሁ፤ ሰው ታቦቱን እያየ እልል ሲል እኔ ስፌቱንም እያየሁ እልል እል ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ከዚያ ሥራ ሌላ ሥራ ወጣ፤ የአንዱ ደብር ለሌላው ነገረ። አሁን ከዚያችው ጓደኛዬ ጋር አራት ኪሎ አካባቢ የአንድ ሱቅ ግማሽ ተጋርተን እንሠራለን። ልጆቼ ትምህርታቸው ላይ ናቸው። ኪራዩ ዛሬም ያስፈራል፤ አንዳንድ ወር ላይ ይጠባል። ሌሊት ስባንን ግን ሒሳቡን ትቼ የዕለቱን ድርሻ እጀምራለሁ፤ ሳልጨርሰው እንቅልፍ ይወስደኛል። እማሆይም እዚያው ናቸው፤ ለፋሲካ ነጠላ ዘምዝሜ ወስጄላቸው «ዳዊቱንስ?» ብለው ነው የተቀበሉኝ።

እነሆ ስለቴን አድርሻለሁ። አምላከ ጊዮርጊስ ይክበር ይመስገን።

ከማዳበሪያው አሁንም ባለቤት ያላገኘ ልብስ አለ፤ የሴት ልጅ ቀይ ሹራብ፣ አንድ ጥቁር ሱሪና ግራጫ ኮት። ኮቱ እጅጌው አጥሯል፤ በውስጥ ኪሱ ሁለት የቤት ቁልፍ ተገኝቷል። ዶሮ ማነቂያ ሰጥታችሁ የነበራችሁ፣ ወይም የምታውቋቸው ካላችሁ፣ በ23 ከቅዳሴ በኋላ በሩ አጠገብ ታገኙኛላችሁ። የማስተካከያው ሂሳብ ቀርቷል፤ ኑና ውሰዱ።