«ምን» ተብዬ «ማን» ብዬ መለስኩ

ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን የቢሮው ኢንተርኔት ይንቀራፈፋል። ፋይል አይወርድም፣ የቪዲዮ ስብሰባ ይቆራረጣል። በሦስተኛው ቀን አለቃዬ ጠረጴዛዬ ድረስ መጡና «ምንድን ነው ይሄን መስመር የሚበላው? እስከ ነገ ንገረኝ» አሉኝ። ኔትወርኩን የማስተዳድረው እኔ ነኝ።

ቸኮልኩ። እጄ ላይ የነበረው ቀላሉ መረጃ የዲኤንኤስ ሎግ፣ ማለትም መዝገቡ፣ ነበር። ዲኤንኤስ የድረ ገጹን ስም ወደ አይፒ አድራሻ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ወደሚገናኙበት ቁጥር፣ የሚቀይርልን አገልግሎት ነው። በእኛ ቢሮ ኮምፒውተሮቹ ለዲኤንኤስ የሚያቀርቡት ጥያቄ የሚያልፈው በራሳችን ሰርቨር በኩል ነው። የትኛው ኮምፒውተር፣ በስንት ሰዓት፣ የትኛውን ድረ ገጽ እንደፈለገ ይመዘገባል። ብዙ ሰው አሳሹ (ብራውዘሩ) ላይ የቁልፏን ምልክት ሲያይ ሁሉም ነገር የተሸፈነ ይመስለዋል። ቁልፏ የምትሸፍነው ገጹ ላይ የምናነበውንና የምንጽፈውን ነው። የት እንደሄድን ግን ኔትወርኩን የያዘው ሰው ያያል።

ሎጉን ወደ ኤክሴል አወጣሁት። ለማንበብ እንዲመች ብዬ በኮምፒውተሮቹ አድራሻ ፋንታ የሠራተኞቹን ስም አስገባሁ። ከዚያ ለአለቃዬና ለክፍል ኃላፊዎቹ በኢሜይል ላክሁት። ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ አንዲት ባልደረባዬ መጣች። ትንሽ ትበልጠኛለች፤ ሁሌም «ወንድሜ» ነው የምትለኝ። ወንበር ሳብኩላት፣ አልተቀመጠችም። ስልኳ ላይ የዚያን ኤክሴል ፎቶ አሳየችኝ። ስሟ አለ። ከስሟ ቀጥሎ የመካንነት ሕክምና የሚሰጥ ክሊኒክ ድረ ገጽ አለ። ከጎኑ 41 ይላል። ሰዓቱ በሙሉ የምሳ ሰዓት ነው።

«ወንድሜ፣ እኔ ይሄን ለእናቴ እንኳን አልነገርኳትም» አለች።

አንድ የክፍል ኃላፊ ኮሪደር ላይ አግኝቷት «አይዞሽ» ብሏት ኖሯል። በደግ ልብ። ያወቀችው በዚህ ነው።

ይቅርታ ጠየቅኋት። ፋይሉን ከሁሉም ኢሜይል አስጠፋሁት። ካነበቡት ሰዎች ጭንቅላት ግን በምን ላጥፋው?

ያን ሌሊት «በስሟ ፋንታ ቁጥር ባደርግ ኖሮስ?» እያልኩ ስገላበጥ አደርኩ። እሱም አያድናትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ኤኦኤል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የ650,000 ያህል ደንበኞቹን የኢንተርኔት ፍለጋ ለተመራማሪዎች ብሎ ይፋ አድርጎ ነበር። በስማቸው ቦታ ቁጥር ነበር የተጻፈው። ጋዜጠኞች ግን በቀናት ውስጥ 4417749 የሚለው ቁጥር የማን እንደሆነ ደረሱበት። የፈለገቻቸው ነገሮች ራሳቸው ማንነቷን ተናገሩ። ሁሉም በሚተዋወቅበት ቢሮማ እንዴት ይሆናል!

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ደግሞ ሎጉ የአለቃዬን ጥያቄ እንኳን አለመመለሱ ነው። ዲኤንኤስ አንድ ስም ስንት ጊዜ እንደተጠየቀ እንጂ ስንት ጊጋባይት እንደወረደ አይናገርም። 41 ማለት 41 ጊዜ ተከፈተ ማለት እንኳን ላይሆን ይችላል፤ አንድ ገጽ ክፍት ሆኖ ሲቆይ ራሱ ደጋግሞ ሊጠይቅ ይችላል። መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን ያደረግሁት ከዚያ በኋላ ነው። ራውተሩ ላይ የሚያልፈውን ትራፊክ መጠን ለካሁ። መስመሩን ሲበላ የከረመው የኦፕሬቲንግ ሲስተም አፕዴት ነበር። ኮምፒውተሮቹ ሁሉ በአንድ ሰዓት ያወርዱታል። ሰዓቱን ወደ ሌሊት አዛወርኩት፣ መስመሩም በማግስቱ ተለቀቀ። ይህን ለማድረግ የአንድም ሰው ስም አላስፈለገኝም። አለቃዬም የጠየቁኝ «ምን» ብለው ነበር። «ማን» ያልኩት እኔ ነኝ።

አሁን ሎጉ ከ7 ቀን በኋላ ይጠፋል። የግለሰብ መረጃ የሚፈልግ ኃላፊ ምክንያቱን በጽሑፍ ያቀርባል፤ ሠራተኛውም እንዲያውቅ ይደረጋል። ይህን መጀመሪያ ያሳየሁት ለእሷ ነው። ስክሪኑን ዝቅ ብላ በቀስታ አነበበችና «ለምን 7? ለምን 1 አይሆንም?» አለችኝ። ቫይረስ የገባበት ኮምፒውተር ቢኖር መነሻውን ለመፈለግ እንደሆነ ነገርኳት። «እሺ» አለች። «ወንድሜ» ግን አላለችኝም።

አሁንም በምሳ ሰዓት ስልኳን ይዛ ወደ ውጭ ትወጣለች። በሩ ጋ ስትደርስ የቢሮውን ዋይፋይ ታጠፋለች።