እናቴ ከደጅ የጠበቀችኝ ገዳም

ከደሴ ስንነሣ ጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ነበር። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ከጎኔ ተቀምጣለች። ቦሩ ሜዳን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ብርዱ ለቀቀን፤ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ሐይቅ ከተማ ገባን።

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ ደሴት ነበር። ዛሬ ከየብስ ጋር ስለተያያዘ በእግር ይገባል፤ የሚገባው ግን ወንድ ብቻ ነው። እናቴ ይህን ታውቃለች። ከደጁ ስንደርስ ተሳለመችና ከዛፍ ጥላ ሥር አረፍ አለች።

«ግባ ልጄ። ያየኸውን ግን አንድም ሳታስቀር ትነግረኛለህ» አለችኝ።

አደራ ስለተሸከምኩ ነው መሰለኝ፣ እንደዚያ ቀን ዓይኔን ከፍቼ ያየሁበትን ጊዜ አላስታውስም። የሐይቁን ዳር፣ የዛፎቹን ጥላ፣ የመነኮሳቱን ዝግ ያለ እርምጃ ሁሉ ለእርሷ ስል ያዝኩት።

የተቀበሉኝ አረጋዊ አባት ስለ አባ ኢየሱስ ሞዐ ሲያወሩ፣ ትናንት የተለዩአቸውን መምህራቸውን የሚያነሡ ይመስላሉ። ትውፊቱ የቤተ ክርስቲያኑን መነሻ ወደ 9ኛው ክፍለ ዘመን ይወስደዋል። ታላቅ የትምህርት ገዳም የሆነው ግን በ13ኛው ክፍለ ዘመን፣ አባ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ መጥተው ማስተማር ከጀመሩ በኋላ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚሁ ተምረዋል። የገዳሙ አበ ምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» እየተባሉ በቤተ መንግሥት ቃላቸው የሚሰማበት ዘመን ነበር።

ልቤን የያዘው ግን ሹመቱ ሳይሆን መጽሐፉ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ1273 ዓ.ም. ገደማ አራቱን ወንጌላት በብራና አጽፈው ለገዳሙ ሰጡ፤ የራሳቸውም ሥዕል በውስጡ አለ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነት የገዳሙ ሀብት ተወስዷል፤ ቤተ ክርስቲያኑም በየዘመኑ ታድሷል። ያ ወንጌል ግን እስከ እኛ ደረሰ። ግድግዳ በሌላ ድንጋይ ይተካል፤ ለእርሱ ግን ምትክ የለውም። በጨርቅ የተጠቀለሉ ብራናዎችን ባየሁ ጊዜ፣ በየትውልዱ ያቀፏቸውን እጆች እያሰብኩ እንባዬ መጣ።

ስወጣ እናቴ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም ነበር። ሐይቅ ከተማ ቆሮሶ አዘዝን፤ እኔ እያወራሁ እርሷ እየጠየቀች ዓሣው ቀዘቀዘ። ስለ ዕጣኑ ሽታ፣ ስለ አባቶች ቆብ፣ ውኃው ከውስጥ ሲታይ ምን እንደሚመስል ጠየቀችኝ።

ወደ ደሴ ስንመለስ ዳገቱ ላይ ያንቀላፋች መስሎኝ ነበር። ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «እስኪ የመጽሐፉን እንደገና ንገረኝ» አለችኝ።