"ኢዝ ኢት ክሊር?" "የስ ቲቸር!"

ባለፈው ሳምንት ስልኬን ሪከርድ ላይ አድርጌ ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩና 9ኛ ክፍል ገባሁ፣ ፊዚክስ ነው የማስተምረው፣ የእለቱ ርዕስ ዴንሲቲ። ማታ ቤት ቁጭ ብዬ ስሰማው ላብ ላብ አለኝ።

በአንድ ፔሬድ "ኢዝ ኢት ክሊር?" ያልኩት 17 ጊዜ ነው፣ ቆጠርኩት። ክፍሉ በአንድ ድምፅ "የስ ቲቸር!" ይላል እኔ ወደ ሰሌዳው እዞራለሁ፣ በቃ። "ኤኒ ኩዌስችን?" ብዬ እንኳን ትንፋሽ ሳልወስድ የቾኩ ድምፅ ይቀጥላል። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ይህንኑ ክፍል ውስጥ በቴፕ እየቀዳች አጥንታዋለች፣ አስተማሪ ጠይቆ የሚጠብቀው 1 ሰከንድ ገደማ ነው፣ 3 ሰከንድ ሲታገስ ግን የተማሪው መልስ ይረዝማል፣ ዝም የሚሉትም አፍ ያወጣሉ። ኮሌጅ ተምሬዋለሁ እኮ፣ ለፈተና ሸምድጄ ነው ያለፍኩት እንጂ።

እኛ ጋ ግለሂስ ሲባል ስብሰባ ላይ ተነስቶ "አንዳንዴ አረፍዳለሁ፣ አሻሽላለሁ" ብሎ መቀመጥ ነው። በ2014 የ12ኛ ክፍልን ፈተና ያለፈው 3.3 በመቶ ብቻ ነው ሲባልም ሻይ ቤት ተቀምጠን "የዘንድሮ ተማሪ ሰንፏል" ስንል ነበር፣ እኔም ብያለሁ።

ከሁሉ የከነከነኝ ግን ሪከርዱ መሀል ላይ ያለው ነው። ኋላ ወንበር ያለውን ልጅ ዴንሲቲ ምንድን ነው አልኩት፣ ዝም። "ልብህ የት ነው ያለው አንተ?" ስል ሰማሁ። ይቺ ንግግር የኔ አይደለችም! ከገጠር መጥቼ ከጓደኞቼ ጋር ቤት ተከራይተን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በእግሬ እየሄድኩ ስንቄን ተሸክሜ እየተመለስኩ 9ኛ ስማር አንድ መምህር ያለኝ ናት፣ ቃል በቃል። ያኔ እኔ መልሱ ጠፍቶኝ አልነበረም፣ ታች ክፍል "እፍግታ" ብለው አስተምረውናል፣ መጠነ ቁስ ለይዘት ሲካፈል፣ እንግሊዝኛው ነው አፌ ላይ አልመጣ ያለው። ከዛ ቀን በኋላ እዛ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ አላውቅም።

ማክሰኞ ልጁን እንደገና ጠየቅኩት፣ "በአማርኛም ቢሆን ንገረኝ" አልኩና በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። ከ60 በላይ ልጅ አፍጥጦ እያየህ 3 ሰከንድ ምን ያህል እንደሚረዝም የሞከረው ያውቀዋል፣ እጄ ሳላዝዘው ሁለቴ ዱስተሩን ነክቷል። 5 ላይ ስደርስ "ቲቸር፣ ዘይት ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው በሱ ምክንያት ነው አይደል?" አለኝ። እኔ እኮ ዘይቱን ለሚቀጥለው ሳምንት ነበር ያቆየሁት።

መስኮት ስር የምትቀመጠው ልጅ ግን እስከ 8 ቆጥሬላትም አልተናገረችም። እሷ ገና አልገባችኝም። ሪከርዱን ደግሜ እሰማዋለሁ፣ ስሟን ስጠራ ድምፄ ምን እንደሚመስል ማወቅ ፈልጌ ነው።