«አንቺ ልጅ፣ ኬዝሽን ጀመርሽ?»

የልውውጥ ተማሪ ሆኖ አሜሪካ የሚመጣ ሰው ለአበሻው እንቆቅልሽ ነው። ዲቪ አልደረሰው፣ ቤተሰብ አላመጣው፣ ጥገኝነት አልጠየቀ። ዲግሪውን እንኳ እዚህ አይጨርስም። አንድ ዓመት ተምሮ፣ ውጤቱን ይዞ አገር ቤት ወዳለው ዩኒቨርሲቲው ይመለሳል ይባላል። ይመለሳል ሲባል ግን ማንም አያምንም።

እኔ ከአዲስ አበባ ወደ አዮዋ የመጣሁት በአሜሪካ መንግሥት ወጪ፣ ለልውውጥ ተማሪ በሚሰጠው በጄ ዋን ቪዛ ነው። እንዲህ የመጣ ሰው አገሩ ገብቶ በድምሩ ሁለት ዓመት ሳይኖር ግሪን ካርድም ሆነ የሥራ ቪዛው ኤች ዋን ቢ አይፈቀድለትም፤ ቪዛው ላይ ራሱ ተጽፏል። ከወረቀቶቹ ሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ይሄ ሳይሆን የኢንሹራንሱ ነበር። የጄ ዋን ተማሪ ኢንሹራንስ ለአንድ ሕመም ቢያንስ 100,000 ዶላር፣ ሞቶ አስከሬኑ አገሩ እንዲገባ ደግሞ 25,000 ዶላር መሸፈን አለበት። እናቴ «ምን ይላል?» ስትለኝ የሕክምናውን ብቻ አንብቤላት አጠፍኩት።

አዮዋ ማለት በቆሎ ነው። ከበቆሎው መሀል ዩኒቨርሲቲ ተተክሏል፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ደግሞ ሁሉም ሰው ያወራል። ክፍል ውስጥ መናገር ነጥብ አለው፤ እንደ ፈተናው ሁሉ ከመቶው ላይ ተቆርጦ ተቀምጦለታል። እኛ ዘንድ ጎበዝ ተማሪ የሚባለው ሰምቶ፣ ጽፎ፣ ፈተና ላይ የሚያወጣው ነው። እዚህ ያልተናገረ ያላነበበ ይመስላቸዋል። መጀመሪያ ሰሞን አንድ ዓረፍተ ነገር ማታ አዘጋጅቼ እገባና ጠዋት ሌላው ሲቀድመኝ እናደድ ነበር። ቆይቶ ሲገባኝ፣ እጃቸውን ከሚያወጡት ብዙዎቹ መልስ ስላላቸው አይደለም፤ እየተናገሩ ነው የሚያስቡት። (አንዳንዶቹ ተናግረውም አያስቡም፤ ነጥቡን ግን ያገኛሉ።) መምህራኑ «በስሜ ጥሩኝ» ይላሉ። አልቻልኩም፤ ዓመቱን ሙሉ «ፕሮፌሰር» እንዳልኩ ቀረሁ። እነሱ ደግሞ በኢሜይል እኔን በአባቴ ስም ይጠሩኛል፤ ቤት ሥራ ያላስረከበው አባቴ ይመስል።

የኅዳሩ ምስጋና ቀን ሲደርስ ዶርሙም ምግብ ቤቱም ይዘጋል። በ2017 ዓ.ም. በዓሉ የዋለው ኅዳር 19 ቀን ነበር፤ ጾመ ነቢያት ከገባ በአምስተኛው ቀን። የጋበዙኝ ባልና ሚስት ቱርክ ዶሮ ጠብሰው ጠበቁኝ። ሥጋ እንደማልበላ ቀድሜ ነግሬያቸው ስለነበር ደግ አስበው ድንች ሠርተውልኛል፣ በቅቤና በወተት። ሰላጣና ዳቦ በልቼ፣ ከአንድ ወር በላይ እንዴት ሰው ወተት እንደሚተው ሳስረዳ አመሸሁ። በበነጋታው አውቶቡስ ይዤ ቺካጎ ገባሁ፤ ኤጅዋተር ሰፈር፣ ብሮድዌይ መንገድ ላይ የአበሻ ምግብ ቤት አለ ተብዬ።

በያይነቱው እንደቀረበ አንዲት እናት ከጎኔ መጥተው ተቀመጡ። የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ የት እንዳደግኩ፣ ምን እንደምማር ጠየቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«አንቺ ልጅ፣ ኬዝሽን ጀመርሽ?»

ኬዝ የሚሉት የጥገኝነት ማመልከቻውን ነው።

«ኧረ እመለሳለሁ፣ እማማ።»

እጃቸውን ከትሪው ላይ አነሱ። አጠገባችን ያሉ፣ ኡበር የሚነዱ ጋሼ ዞር አሉ። ጥገኝነት የሚጠየቀው በገባሽ በአንድ ዓመት ውስጥ ነው፣ ቀኑ ካለፈ ይከብዳል፣ የሁለት ዓመቱ ሕግ ጥገኝነትን አይከለክልም፤ ሁሉንም ያውቁታል። ሕጉን በተመለከተ አልተሳሳቱም። የሚያስፈራ ነገር ደርሶብኝ ቢሆን ምክራቸው ወርቅ ነበር። ያልደረሰብኝን ደረሰብኝ ብዬ መማል ግን አልሆነልኝም፤ የእውነት የተሳደደ ሰው ወረፋ ላይ ቆሟል። ይህን ስል ጋሼ አልተቆጡም። ከብራዚል ተነስተው፣ ከኮሎምቢያ ወደ ፓናማ የሚያሻግረውን የዳሪየን ጫካ በእግራቸው አቋርጠው ነው እዚህ የደረሱት።

«እኔ ጫካ ለጫካ መጣሁ» አሉኝ፣ «አንቺ በአውሮፕላን ቁጭ ብለሽ መጥተሽ፣ በአውሮፕላን ቁጭ ብለሽ ልትመለሺ?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። እማማ ጉርሻ አጎረሱኝና ወሬው ወደ ጤፍ ዋጋ ዞረ። ሒሳቡን ማን እንደከፈለ ሳላውቅ ወጣሁ።

ግንቦት ላይ ትምህርቱ አለቀ። ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላ ለመሰናዶ የሚሰጠው 30 ቀን ነው። ጋሼ ስልኬን ከየት እንዳገኙት እንጃ፣ ትኬት የቆረጥኩበትን ቀን ሰምተው ደወሉ። እንደገና ሊመክሩኝ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር።

«የኔ እህት፣ ኪሎ አለሽ?»

ለእናታቸው የደም ግፊት መድኃኒት፣ ለእህታቸው ልጅ ስልክ፣ ለጎረቤት ጫማ። እማማም ሰምተዋል፤ የሳቸው ቪታሚንና ሁለት ብርድ ልብስ ነው። ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ነው የሚፈቀደው። አንዱ በነሱ ዕቃ ሞልቶ፣ የዓመቱን መጻሕፍቴን አብራኝ ለኖረችው ልጅ ትቼላት መጣሁ። ጫማውን ቦሌ ድረስ መጥተው ተቀበሉኝ፤ ቁጥሩ ጠበበ ብለው ማታውኑ ደወሉ።