ከቬቬ እስከ ባዝል፦ በሕመም አልጋ ላይ የተሣለ ፊት

ከጄኔቭ የተነሣው ባቡር የሌማንን ሐይቅ ዳር ዳሩን ይዞ ቬቬ አደረሰኝ። ወደዚህች ከተማ የመጣሁት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 1915 በካንሰር ስላረፈችባት ፈረንሳዊት፣ ስለ ቫለንቲን ጎዴ ዳሬል ስል ነው። ቫለንቲን የስዊዘርላንዳዊው ሠዓሊ የፈርዲናንድ ሆድለር ፍቅረኛ ነበረች፤ ሕመሟ የታወቀው ልጃቸው በተወለደችበት በ1913 ሲሆን፣ በቀጣዩ ዓመት ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ቢደረግላትም አልዳነችም። ወላጆቹንና ወንድሞቹን ገና በልጅነቱ በሳንባ ነቀርሳ ያጣው ሆድለር፣ ከአልጋዋ አጠገብ እየተቀመጠ በእርሳስና በቀለም ከ100 በላይ ሥራዎችን ሠርቷል።

ከሐይቁ ዳር ቆሜ ማዶውን ስመለከት ውኃው፣ የሳቮይ ተራሮችና ሰማዩ አንዱ ከአንዱ በላይ ተጋድመው ይታያሉ። ሆድለር በሞተችበት ዕለት የሣለው ይህንኑ ሐይቅ ነው። የዚያ መጋደም ትርጉም የገባኝ ግን ባዝል ደርሼ፣ በከተማዋ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ከማረፏ በፊት በነበረው ቀን የተሣለውን ሥዕል ሳይ ነው። በቀደሙት ሥዕሎች በትራስ ተደግፋ ቀና ያለችው ሴት፣ እዚህ ሙሉ በሙሉ ተዘርግታለች፤ አፏ ተከፍቷል፣ አፍንጫዋ ሾሏል፣ ሰውነቷ ከመክሳቱ የተነሣ ከአልጋው ልብስ በታች መኖሩ እንኳ በቅጡ አይለይም። ቀለሙ በችኮላ የተቀባ ነው፤ ሠዓሊው ጊዜ እንዳልነበረው ከብሩሹ አካሄድ ይታወቃል።

በእኛ ዘንድ ብዙ ቤተሰብ የሕመሙን ስም ከታማሚው ይደብቃል፤ ጠያቂም «አይዞሽ፣ ምንም አልሆንሽም» ብሎ ይወጣል። በፍቅር የሚደረግ መሆኑን ባውቅም፣ ታማሚዋን ብቻዋን የሚያስቀር ይመስለኛል። ሆድለር ፊቱን አላዞረም፤ በዚህም እጅግ አከብረዋለሁ። ሆኖም በሸራው ላይ ያለው የእሱ ዕይታ ነው፤ እሷ ስለ ራሷ ሕመም የምትለው አይሰማም። ስኮትላንዳዊው ሠዓሊ ማርክ ጊልበርት ከ1999 ጀምሮ ለንደን ውስጥ የፊት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሰዎች፣ ከእነርሱም መካከል የካንሰር ሕሙማንን ሲሥል፣ ሰዎቹ ራሳቸው ፈቅደው፣ ከሕክምናው በፊትም በኋላም ፊት ለፊቱ ተቀምጠውለት ነበር። ቫለንቲን እንደዚያ የመምረጥ ዕድል ይኑራት አይኑራት ከሥዕሉ ማንበብ አይቻልም፤ እኔም ከባዝል የወጣሁት ይህንኑ እየጠየቅሁ ነው።