ቴርሞሜትሩ አልተበላሸም

ዛሬ ከ7ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ጋር በከሰል ምድጃ ውኃ አፈላን። ውኃው እየተንፈቀፈቀ ቴርሞሜትሩ 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ቀጥ ሲል፣ 100ን ይጠብቁ የነበሩት ልጆች ተያዩ፤ ከኋላ ወንበርም «ቲቸር፣ ይሄ ነገር ተበላሽቷል!» የሚል ድምፅ ተሰማ። 100 የሚለው ቁጥር በባሕር ወለል ለሚገኝ ቦታ መሆኑን፣ ባሕር ዳር ግን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቱ አነስተኛ እንደሆነና ውኃውም ከዚያ በታች በሆነ ሙቀት እንደሚፈላ አስረዳኋቸው። ይህን ጊዜ ከፊት የተቀመጠች ዝምተኛ ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «ታዲያ ከባሕር ዳር ከፍ ባለችው ደብረ ታቦር ያሉት አያቴ የባቄላ ንፍሮ ሲቀቅሉ የሚቆይባቸው ለዚህ ነው?» አለችኝ። ጥያቄው በትምህርት ዕቅዴ ውስጥ አልነበረም፤ የቀረውን ክፍለ ጊዜ ግን ሙሉ በሙሉ ለንፍሮው ሰጠነው።