የኬንያን ምርጫ ደብረ ማርቆስ ላይ እንዴት አስተማርሁት

በሥነ ዜጋ ክፍለ ጊዜ ልጆቹ የሚነሡት ከሚያውቁት ከእኛው ሥርዓት ነው። ሕዝቡ ተወካዩን ይመርጣል፤ በተወካዮች ምክር ቤት አብላጫ ወንበር ያገኘ ፓርቲ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ያስመርጣል፤ ፕሬዝዳንቱን ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይሰይማሉ። ሕዝብ ራሱ ፕሬዝዳንት የሚመርጥበትን ሥርዓት በቃል ብቻ ብነግራቸው ለፈተና ሸምድደው እንደሚረሱት አውቅ ነበር። ስለዚህ በ2015 ዓ.ም. ከሕጉ አንቀጽ በፊት የምርጫ ወረቀቱን ላስይዛቸው ወሰንሁ።

ኬንያን የወሰድሁት ነሐሴ 3 ቀን 2014 ዓ.ም. ድምፅ ሰጥታ ስለነበር ነው፤ ወሬው ገና ትኩስ ነበር። ኬንያዊ መራጭ ጣቢያ ሲገባ ስድስት ወረቀት ይቀበላል፦ ለፕሬዝዳንት፣ ለካውንቲ (የራሱ ገዥና ምክር ቤት ላለው የአካባቢ አስተዳደር) ገዥ፣ ለሴናተር፣ ለብሔራዊ ምክር ቤት አባል፣ ለሴቶች ተወካይና ለካውንቲ ምክር ቤት አባል። አገራዊውም አካባቢያዊውም በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰልፍ ያልቃል።

ስድስት ቀለም ወረቀት ቆረጥን፤ የጫማ ካርቶን ኮሮጆ ሆነ። ክፍሉን በየመጡበት ከፈልሁት። ከጎዛምን፣ ከማቻከል፣ ከስናንና ከአነደድ መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩት አራት ካውንቲ ሆኑ፤ ቁጥራቸው የሚበዛው የከተማው ልጆች አምስተኛው።

ቆጠራው ሲያልቅ አንድ የከተማ ልጅ ከጠቅላላው ድምፅ ከግማሽ በላይ አገኘ። ጓደኞቹ ጨበጨቡ። እኔ ግን አላወጅሁም። በኬንያ ሕግ ከግማሽ በላይ ማግኘት ብቻውን አይበቃም፤ ከ47ቱ ካውንቲዎች ቢያንስ በ24ቱ ከተሰጠው ድምፅ ሩቡን ማግኘት ግድ ነው። የእኛ አሸናፊ ሩብ የሞላለት በከተማውና በጎዛምን ብቻ ነበር፤ ሦስት ያስፈልገው ነበር። የከተማዎቹ «ተበደልን» አሉ፤ የስናን ልጆች «እኛን መቼ ጠየቀን?» ብለው መለሱ። ለዚህ ክርክር ሰሌዳውን ትቼ ተቀመጥሁ፤ ከእኔ ማብራሪያ ይልቅ ሕጉን ያስረዳቸው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2007ቱ ምርጫ በኋላ ኬንያ ውስጥ ከሺህ በላይ ሰው ያለቀበትን ግጭትና እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀውን ሕገ መንግሥት የነገርኋቸው ከዚያ በኋላ ነው። ሕጉ እንደሚለው በ30 ቀን ውስጥ የሚደረገውን ሁለተኛ ዙር በማግስቱ አደረግነው። ያ ልጅ በእረፍት ሰዓት አነደዶች ወንበር ድረስ ሄዶ ሲለምን አየሁት።

ከዚያ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ፕሬዝዳንቱ ከአንዱ ፓርቲ፣ የምክር ቤቱ አብላጫ ከሌላው ቢሆን ማን ያዛል?» አለችኝ። ከሁሉ የምወደው ጥያቄ ይህ ነው፤ የፕሬዝዳንታዊ ሥርዓት እምብርቱ እዚህ ላይ ነውና። የእኛ ጠቅላይ ሚኒስትር የሚቆመው በምክር ቤቱ አብላጫ ነው፤ የኬንያ ፕሬዝዳንት ግን ሥልጣኑን በቀጥታ ከመራጩ ስለተቀበለ አብላጫ ስላጣ ብቻ አይወርድም። ያልወደደውን ሕግ ሳይፈርም ሊመልስ ይችላል፤ ምክር ቤቱም በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሊያልፈው ይችላል። ገዥውንም ፕሬዝዳንቱ አይሾመውም፤ የካውንቲው ሕዝብ የመረጠው ነው። ለልጆቹ ይህን ማስረዳት የቀለለኝ ወረቀቶቹ ለየብቻ ስለነበሩ ነው። «ይህን ቢጫ ለማን ሰጠሽው? ሰማያዊውንስ?» ስላት ሁለቱም ራሳቸውን የቻሉ ውክልናዎች መሆናቸውን ገባት።

ይህን መሞከር ለሚፈልግ መምህር የምመክረው ቆጠራውን እንዳያቻኩል ነው። የየቡድኑን ውጤት ታዛቢዎች ይፈርሙበትና በሩ ላይ ይለጠፍ። ኬንያም የምታደርገው ይህንኑ ነው፤ ፎርም 34ሀ የሚሉት የጣቢያ ውጤት ተፈርሞ ይለጠፋል፣ በ2014ቱ ምርጫም ማንም ሰው አይቶ እንዲደምረው ምስሉ በድረ ገጽ ወጥቷል። ዊሊያም ሩቶ በ50.49 በመቶ ብቻ ባሸነፉበት ምርጫ እያንዳንዱ ቅጽ ምን ያህል እንደሚከብድ ተማሪ ወዲያው ይረዳል።

አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ደግሞ ለአቤቱታ ይተው። በኬንያ የፕሬዝዳንት ምርጫ ውጤቱ በታወጀ በ7 ቀን ውስጥ ይከሰሳል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ14 ቀን ውስጥ ይፈርዳል። ነሐሴ 2009 ዓ.ም. የፕሬዝዳንቱን ምርጫ ሰርዞ ድጋሚ እንዲደረግ አዟል፤ በ2014ቱ ደግሞ ውጤቱን አጽንቷል። ሁለቱንም ውሳኔዎች ጎን ለጎን አስቀምጡላቸውና ዳኛ፣ ከሳሽና መልስ ሰጪ አድርጋችሁ አከራክሯቸው።